አምስት ወር ሞላኝ፤ ዛሬም እንግዳ ነኝ

ጥያቄ፦

«የ24 ዓመት ወጣት ስሆን ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ከመጣሁ አምስት ወር ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁሉም ነገር ያስደስተኝ ነበር። አሁን ግን ከክፍል ስመለስ በሬን ዘግቼ መቀመጥ ብቻ ነው የሚያሰኘኝ። የክፍል ጓደኞቼ ሲያገኙኝ ፈገግ ብለው ‹አንድ ቀን እንገናኝ› ይሉኛል፤ ያ ቀን ግን መጥቶ አያውቅም። ትምህርቱ ይገባኛል፤ በውይይት ጊዜ ግን የምናገረውን በልቤ አስተካክዬ ሳልጨርስ ርዕሱ ያልፋል። የመጀመሪያው ጽሑፌ ዝቅተኛ ውጤት አግኝቶ፣ ‹የራስሽ አቋም የት አለ?› የሚል አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰልኝ። በየምሽቱ ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ለሦስት ሰዓት ያህል በስልክ አወራለሁ፤ ‹ሁሉም ደህና ነው› እያልኩ እዋሻቸውና ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ገንዘብም ስላጠረኝ አንድ የአገሬ ልጅ ከተፈቀደልኝ ሰዓት በላይ የምሠራበት፣ በእጅ የሚከፈል ሥራ ሊያስገባኝ ነው። ሰው ሁሉ ‹ይለመዳል፣ ታገሺ› ይለኛል። ልታገሥ ወይስ ትቼ ልመለስ? ያለሁበትን አገር ባይጠቅሱልኝ እመርጣለሁ።»

ባይተዋሯ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

«ይለመዳል፣ ታገሺ» የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምክራቸው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስንፍና ነው። እውነቱን ላስቀድም። ካለርቮ ኦበርግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ስለ «ባህል ድንጋጤ» ባደረገው ንግግር፣ ሰውን በባዕድ አገር የሚያስጨንቀው ሳያስባቸው የሚመራባቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ምልክቶች በአንድ ጊዜ ከእጁ መጥፋታቸው ነው ብሎ ነበር፤ ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚል፣ ግብዣን መቼ እንደሚቀበልና መቼ እንደሚተው፣ የሌላውን ንግግር መቼ ከልብ እንደሚወስድና መቼ በፈገግታ እንደሚያልፍ። የመጨረሻዋን ልብ በይልኝ፤ «አንድ ቀን እንገናኝ» የምትለው ነገር ሆድ ያስባሰችሽ እዚያ ላይ ነውና እመለስባታለሁ።

ስንፍናው ጊዜ ብቻውን ይሠራል ብሎ ማሰቡ ነው። ለዚህ እምነት ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው፣ ስቬሬ ሊስጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሶሺዮሎጂስት በ1955 ያሳተመው ጥናት ነው። በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን አነጋግሮ፣ ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት፣ ከዚያ ያነሰም ሆነ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ከቆዩት ይልቅ ለመላመድ ተቸግረው እንደነበር አገኘ። ከዚህ በመነሳት ሰው መጀመሪያ ይደሰታል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ይነሳል የሚል ሥዕል ተሣለ። ሆኖም ሊስጎርድ ያነጻጸረው የተለያየ ጊዜ የቆዩ የተለያዩ ሰዎችን እንጂ አንድን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትሎ አልነበረም። በ1998 ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ወደ ኒው ዚላንድ የሄዱ ጃፓናውያን ተማሪዎችን ከገቡበት ዕለት አንስተው ለአንድ ዓመት ሲከታተሉ፣ ችግሩ ከሁሉ የጠናባቸው ገና እንደገቡ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሁሉም ሰው የሚወጣውና የሚወርደው በአንድ መስመር አይደለም፤ አምስተኛው ወር ላይ መክፋትሽም ሰባተኛው ወር ላይ ለመሻልሽ ዋስትና አይሆንም። መጠበቅ ብቻውን አያድንም ያልኩሽ ስለዚህ ነው።

ታዲያ የጎደለሽ ምንድን ነው? በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን «ዓይን አፋር» እና «ደካማ» እያልሽ በተደጋጋሚ ወቅሰሻል፤ ለኅትመት ስናሳጥረው ቆርጠን የጣልነውም ይህንኑ ወቀሳ ነው። እኔ ግን የጎደለሽ ድፍረት አይመስለኝም። የጎደለሽ ሰዓት ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል፣ በቅርቡ መኖሪያ የቀየሩ ሰዎችንና አዲስ ገቢ ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከመተዋወቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት ለመድረስ 90 ሰዓት ያህል፣ ለቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚያስፈልግ ገምቷል። በክፍልና በሥራ ላይ አብሮ መቀመጥ ደግሞ፣ ሥራ ፈትቶ አብሮ የማሳለፍን ያህል ሰውን አያቀራርብም። አንድ ሴሚናር በሳምንት ሁለት ሰዓት እየተሰጠ 12 ሳምንት ቢዘልቅ ተደምሮ 24 ሰዓት ነው፤ ይህም አንድ ተራ ጓደኛ ለማፍራት ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከክፍል ወጥተሽ በቀጥታ ወደ ክፍልሽ ስትገቢ፣ ሰዎቹ ስላልወደዱሽ ሳይሆን ገና ስላልለመዱሽ ነው ብቻሽን የቀረሽው። አገርሽ እያለሽ ይህን ሰዓት ቆጥረሽው አታውቂም፤ ጎረቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ዘመድም ሳይታወቅሽ ቆጥረውልሽ ነበር።

አሁን አንድ ደስ የማይል ሒሳብ እንሥራ። በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ስልክ ላይ ከሆንሽ በሳምንት 21 ሰዓት ነው፤ በአምስት ወር ውስጥ ከ450 ሰዓት በላይ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ሩቡ አጠገብሽ ካሉ ሰዎች ጋር ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ቢያንስ አንድ ጓደኛ ይኖርሽ ነበር። እናትሽን ተያት ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚመክር ሰው ስደት ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥሪውን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን አውርጂው፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ይሁንና ከአንድ ሰዓት አይለፍ። በተቻለ መጠንም ከምሽት አውጥተሽ የሰዓት ልዩነቱ ወደሚፈቅድልሽ ሌላ ጊዜ ውሰጂው፤ በዶርም ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኘው በምሽት ነውና።

ከስልኩ ርዝመት ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ውሸቱ ነው። «ሁሉም ደህና ነው» የምትይው ቤተሰብሽን ላለማስጨነቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ደህና መስሎ መታየት ራሱን የቻለ ድካም ነው፤ ስልኩን ስትዘጊ የምታለቅሺውም አንድም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል። ሁሉንም ዘርግፊው አልልሽም። በእያንዳንዱ ጥሪ አንድ እውነት ንገሪያቸው፤ ለምሳሌ፣ «እማዬ፣ ትምህርቱ ከብዶኛል፤ አልታመምኩም፣ ገንዘብም እንድትልኪልኝ አይደለም፤ እንድትሰሚኝ ብቻ ነው የፈለግሁት» በያት። እናቶች መፍትሔ እንዲፈልጉ ካልተጠየቁ መስማት ይችሉበታል። (አንዳንዶቹ ጨርሶ አይችሉበትም፤ የአንቺ እንዲያ ከሆነች ለታላቅ እህትሽ ንገሪ።)

የተረፈውን ሰዓት የት ታውዪው? በየሳምንቱ ሳይቋረጥ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ሰው የምታገኚበት አንድ ነገር ምረጪ። የመዘምራን ቡድን፣ የስፖርት ክለብ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የጥናት ቡድን ሊሆን ይችላል፤ ዓይነቱ ግድ የለኝም፤ የማይቀያየሩ ሰዎች ያሉበት መሆኑ ላይ ግን አልደራደርም። ለአዲስ ገቢዎች በሚዘጋጅ ትልቅ ድግስ ላይ ከመቶ ሰው ጋር ስም መለዋወጥ ከዚህ ጋር አይቆጠርም፤ በማግስቱ ያ ሁሉ ስም ተረስቶ ያድራል። የጀመርሽውንም ነገር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ሳትሄጂ «አይሆነኝም» አትበይ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት ለማንም አይጥሙም።

እዚህ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። በተማሪነቴ ዘመን የምኖርበት ዶርም በአንድ ፎቅ ላይ ለስምንት ሰው አንድ የጋራ ወጥ ቤት ነበረው። እኔ ሰው ከመግባቱ በፊት ቀድሜ ገብቼ፣ ድስቴን በጥድፊያ አጥቤ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ ሳህኔን ይዤ ወደ ክፍሌ እሮጥ ነበር። ለሌሎች ቦታ መልቀቄ፣ አስቸጋሪ አለመሆኔ፣ በእኔ ቤት ጨዋነት ነበር። ከወራት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ ከጎኔ የምትኖረው ልጅ «እኛ እኮ የምትጠላን ይመስለን ነበር» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስንፍናም ይሁን በብልሃት፣ የበላሁበትን ዕቃ የማጥበው እዚያው ከተቀመጥኩ በኋላ ሆነ። የተናገርኩት ነገር ብዙ አልነበረም፤ መቀመጤ ግን በቂ ነበር። አንቺም በርሽን ለአንድ ሰዓት ገርበብ አድርገሽ ተዪው፤ ማንበቡንም ከቻልሽ በጋራው ጠረጴዛ ላይ አድርጊው።

ወደ «አንድ ቀን እንገናኝ» ልመለስ። በብዙ ቦታ ይህች ንግግር ቀጠሮ አይደለችም፤ «ደህና ዋይ» እንደማለት ያለች የመሰነባበቻ ቃል ናት። የሚናገራት ሰው አልዋሸሽም፤ አንቺም አልተታለልሽም፤ ኦበርግ ከልብ መውሰድና ማለፍ ያለው ይኸው ነው። ከአንገት በላይ የሆነችውን ቃል ወደ ቀጠሮ የሚለውጣት ቀንና ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትባዪ እዚያው ላይ፣ «ሐሙስ ከክፍል በኋላ ለአንድ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት አብረን ብናነብስ?» በዪ። አንድ ሰዓት መባሉ ለጠየቅሻት ልጅም ለአንቺም ማምለጫ ይሰጣል። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽ ሁለቴም ካልተመቻት ቂም ሳትይዢ ወደ ሌላ ሰው እለፊ።

የአገርሽን ልጆች በተመለከተ፣ አንዳንዱ መካሪ «ከእነሱ ራቂ፣ አለበለዚያ ቋንቋው አይገባሽም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ከእነሱ አትውጪ» ይላል። ስቲቨን ቦክነርና ባልደረቦቹ በ1977 በሃዋይ የሚማሩ የውጭ ተማሪዎችን የወዳጅነት ክበብ ሲያጠኑ፣ ሦስት ዓይነት ወዳጅ ሦስት የተለያየ ሥራ እንደሚሠራ አስተውለዋል። የአገር ልጅ ማንነትሽን ሳታብራሪ የምትኖሪበት ነው፤ የአገሩ ተወላጅ ትምህርቱንና አሠራሩን የሚያቃናልሽ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣው ተማሪ ደግሞ አብሮሽ የሚዝናናው ነው። እኔ ብሆን ከሦስተኛው እጀምራለሁ። እሱም እንደ አንቺ ሰው አጥቶ ተቀምጧል፤ የቋንቋ ስህተትሽንም አይሰማውም፤ የራሱን ለመደበቅ ተጠምዷልና።

ስለ ትምህርቱ ደግሞ። «የራስሽ አቋም የት አለ?» የሚለው አስተያየት ስድብ መስሎ እንደታየሽ ከአጻጻፍሽ ተረድቻለሁ። መምህሩ ግን «አላነበብሽም» አላለሽም፤ «አንብበሻል፣ አንቺ ግን ጠፋሽብኝ» ነው ያለሽ። ሊቃውንት ያሉትን በሚገባ አስተካክሎ መልሶ ማቅረብ እንደ ዕውቀት በሚቆጠርበት ሥርዓት ተምሮ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ይህ ይገጥመዋል። የተመለሰልሽን ጽሑፍ አውጪና «እገሌ እንዳለው» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ቀለም፣ የራስሽ የሆኑትን በሌላ ቀለም አስምሪባቸው። የሁለተኛው ቀለም በመግቢያና በመደምደሚያ ላይ ብቻ ከታየ መምህሩ ያየውን አየሽ ማለት ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ» ብለሽ ጀምረሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ እገሌና እገሊት የተለያዩበትን ነጥብ፣ ማስረጃው ወደ ማን እንደሚያደላ፣ ያንቺን ሐሳብ አጥብቆ የሚቃወም ሰው ምን ሊል እንደሚችል የምትናገሪው አንቺ ነሽ። የሌላውን ቃል ስትጠቀሚ ምንጩን በጥንቃቄ ጥቀሺ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ «አላወቅሁም» ማለት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

መምህራን በየሳምንቱ ተማሪ የሚቀበሉበት የተወሰነ ሰዓት አላቸው፤ አንቺ ግን ጥፋት የሠራ ሰው የሚጠራበት ይመስልሻል ብዬ እገምታለሁ። እንዲያ አይደለም፤ የጎበዞቹ ተማሪዎች መናኸሪያ ነው። ረጅም ኢሜይል አትጻፊ፤ የአስተያየቱን ቃል ጠቅሰሽ፣ «በሚቀጥለው ጽሑፌ ላይ ለማሻሻል እንዲረዳኝ ሦስተኛውን አንቀጽ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል፤ ማክሰኞ ተማሪ በሚቀበሉበት ሰዓት ብመጣ ይመቻል?» ብትዪ በቂ ነው። ውጤት ይስተካከልልኝ አትበይ፤ አንድ አንቀጽ ይዘሽ ግቢ።

በሴሚናር መናገርን በተመለከተ አንድ ብልሃት ብቻ እሰጥሻለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ተናገሪ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር የመጀመሪያዋ ቃል እየከበደች ትሄዳለች፤ ውይይቱም እየፈጠነ ይሄዳል። አስቀድመሽ ከንባቡ ላይ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ያዢና መድረኩ ገና ሳይሞቅ አንብቢው፤ አዎ፣ ከወረቀት አንብቢው። ማንም አይስቅብሽም።

የሥራው ነገር ላይ አላመነታም፤ አትግቢበት። ለውጭ ተማሪ የሚፈቀደው የሥራ ሰዓት የቪዛሽ ግዴታ አካል ነው። ያለሽበትን አገር ስለማልጠቅስ መጠኑ ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ ላሳይሽ። ብሪታንያ የዲግሪ ተማሪዎችን በትምህርት ወቅት በአብዛኛው በሳምንት 20 ሰዓት ትወስናቸዋለች፤ አሜሪካ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ የገባን ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ታሠራለች፣ ከግቢ ውጭ ለመሥራት ግን የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ካናዳ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ከግቢ ውጭ 24 ሰዓት ትፈቅዳለች፤ አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፣ ጀርመን ደግሞ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። በእጅ የሚከፈል ሥራ ሌላም አደጋ አለው፤ አሠሪው ሳይከፍልሽ ቢቀር የት ሄደሽ ትከሺዋለሽ? እሱም ይህንን ያውቃል። በምትኩ ነገ ወደ ውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሂጂና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ በግቢው ውስጥ ያለ ሕጋዊ የሰዓት ሥራ፣ እንዲሁም ለድንገተኛ ችግር የተያዘ የተማሪዎች መርጃ ገንዘብ ካለ። ብዙ ተማሪ መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል።

አምስተኛው ወርሽ ክረምት ላይ ውሎ፣ ያለሽበትም አገር ወደ ሰሜን የራቀ ከሆነ ብርሃንን አትናቂ። በምድር ሰሜናዊ ክፍል 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በታኅሣሥ ወር ማለቂያ ቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት ይወርዳል። በ1984 ወቅትን ተከትሎ የሚመጣውን ድብርት ከባልደረቦቹ ጋር በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኖርማን ሮዘንታል፣ ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ፀሐያማ ከሆነችው ደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በራሱ ላይ ነበር። በጠዋት ግማሽ ሰዓት ከቤት ወጥቶ መራመድ ቀላል መድኃኒት ነው።

ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ የሚከብድሽ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የተዛባብሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ ያስጠላሽ ከሆነ እኔ የምለው ምክር አይበቃም፤ በዩኒቨርሲቲሽ ወዳለው የምክር አገልግሎት ሂጂ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ዕለት የድንገተኛ እርዳታ ጥሪ ጋር ደውዪ። ለአማካሪው የምትነግሪው ነገር ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር በአብዛኛው ያለ ፈቃድሽ ለመምህራንም ለቤተሰብም አይነገርም።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ መመለስ ነውር አይደለም፤ በሌሊት፣ ስልክ ከዘጋሽ በኋላ፣ እያለቀስሽ የሚወሰን ግን አይደለም። ትምህርት መተውና ትምህርትን በፈቃድ ለጊዜው ማቋረጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እወቂ፤ በመጀመሪያው ቦታሽን ታጪያለሽ፣ በሁለተኛው ቦታሽ ሊጠበቅልሽ ይችላል። ሁለቱም ቪዛሽን ስለሚነኩ ክፍል መግባት ከማቆምሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮውን ጠይቂ፤ መልሱን ከመልቀቂያው የመጨረሻ ቀንና ከሚመለሰው ክፍያ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጡሽ አድርጊ። ውሳኔውን ለሚቀጥለው ሴሚስተር ማብቂያ ቀጠሮ ያዢለት፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ሳምንታዊ ስብስብ ስምንት ጊዜ ሄደሻል፣ አንድ መምህር አነጋግረሻል፣ ስልኩን አሳጥረሻል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ዛሬ ያለሽበት ላይ ከተገኘሽ ተመለሺ፤ እኔም እደግፍሻለሁ።

ለመምህርሽ የምትልኪውን ኢሜይል ግን ዛሬ ማታ፣ ወደ ቤት ከመደወልሽ በፊት ላኪው።